ከሥዕሉ ግርጌ የተደፋው ሰውዬ ምን ለብሷል?

ደሴ ላይ ለትያትር፣ ለክሊፕ ወይም ለሠርግ «የድሮ የወሎ ልብስ» ላሰፋ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩን አውጥቶ የእመቤታችንን ሥዕል ያነሳና ልብስ ሰፊው ጋ ይሄዳል። ሰፊውም ያየውን ይሰፋል። ሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ቀይ ቀሚስ፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ጥብጣብ። ያምራል። ግን ወሎም፣ ላስታም፣ ጎንደርም ማንም ለብሶት የማያውቅ ልብስ ነው።

ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በጎንደር ዘመን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አመሳቅላ የምትሣልበት አሣሣል መነሻው ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው፤ ቅጂውን ወደ አገራችን ያስገቡት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው። የወንጌሉ ታሪክም እንዲሁ፣ በ1591 ሮም ላይ የታተመውን የዐረብኛ ወንጌልና በ1593 አንትወርፕ ላይ የወጣውን የኢየሱሳዊውን የናዳልን ሥዕላዊ የወንጌል ኅትመት እያዩ የሣሉ ሠዓሊዎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) እጥፋቱ፣ መጎናጸፊያው፣ የሐዋርያቱ ረጅም ልብስ ከወረቀት ላይ የተቀዳ እንጂ ገበያ ላይ የታየ አይደለም።

ስለዚህ ዓይን ዝቅ ይበል። ቅዱሳን የሚሣሉት ከቀደመ ሥዕል እየተቀዱ ነው፤ እንዲያውም ሠዓሊው እንዳሻው ቢለውጣቸው ካህናቱም ምእመኑም አያውቋቸውም። ከእግራቸው ሥር የተደፋውን፣ ገንዘቡን አውጥቶ ሥዕሉን ያሣለውን ሰው ግን ሠዓሊው በዓይኑ አይቶታል። ጋሻ ያዡን፣ በቅሎ ሳቢውን፣ ለማኙንም አይቷል። ለልብስ አጥኚ ጥሩ ጥሩው ነገር ያለው ከዳርና ከግርጌ ነው።

ከሁሉ የምወደው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም ውስጥ ይህ ታሪክ ሲሣል ጥርኝ ውኃ የለመነው ድውይ አይቀርም። ያ ድውይ ለእኛ ሥራ ከንጉሡ ይበልጣል፤ ደሃ ምን እንደሚለብስ ለማሳየት ቀለም የሚያባክን ሠዓሊ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ ቀጥሎ የብሥራት ሥዕል ነው። በእኛ አገር ትውፊት ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነበር፤ ስለዚህ እጇ ላይ እንዝርት ይሣላል። ልብሷን ተዉትና እንዝርቱን ተመልከቱ፦ የእንጨቱ ርዝመት ከክንዷ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ክብ ማክበጃው ከላይ ነው ከታች? ክሩን በየትኛው እጅ ይዛዋለች? ፈታይ እናት ሥዕሉን ካዩት እውነት ይሁን የይስሙላ ወዲያው ይነግሯችኋል።

በተቃራኒው የሚያሳስቱ ሰዎችም አሉ። በሥዕላችን ሕግ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፣ ክፉው ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን። ጥምጣም ጠምጥሞ በአንድ ዓይን የሚታየው ገራፊ «ባዕድና ጨካኝ» ለማለት የተበጀ ነው፤ ያን አይቶ «የወሎ እስላም በዚያ ዘመን እንዲህ ይለብስ ነበር» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፣ ነውርም ነው። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ዘመኑን ሳያውቁ መቀስ አለማንሳት

ከሥዕሉ ጎን ያለውን ጽሕፈት አንብቡ። ብዙውን ጊዜ «ሥዕለ» ወይም «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፣ ታሪኩን በአጭሩ ይናገራል። የተደፋው ሰው ስም ካለ ደስ አይበላችሁ፤ መጽሐፍ ሲሸጥ፣ ሲዘረፍ ወይም ሲወረስ የፊተኛው ባለቤት ስም እየተፋቀ የአዲሱ ይጻፍበታል። ብራናው ስሙ ጋ ብቻ ከሳሳና ከሻከረ፣ ቀለሙም ከሌላው ጽሕፈት ከጠቆረ፣ ስሙ ከሥዕሉ ያነሰ ዕድሜ አለው። ልብሱ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ ስሙ የሁለተኛው።

ዓመተ ምሕረት ካልሆነ ቁጥር ተጠንቀቁ። ዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ቀንሱ። ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ደምሩ፤ በሁለቱም የሚወጣው ዓመተ ምሕረት ነው። ይህን ሳያደርጉ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መጽሐፍ የ15ኛው ያደረጉ ሰዎች አሉ።

ወሎ ውስጥ ዘመናቸው ከታወቀ ሥዕሎች መካከል ሁለቱን ልጥቀስ። አንዱ ከላሊበላ ብዙ የማይርቀው ገነተ ማርያም ነው፤ እዚያ ዐፄ ይኩኖ አምላክ (1270–1285) ራሳቸው ተሥለዋል። ሁለተኛው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው፤ በ1280/81 የተጻፈ የሐይቅ እስጢፋኖስ ንብረት ሲሆን የአባታችንም ሥዕል አለበት። ሐይቅ ገዳሙ ውስጥ ሴት አይገባም፣ ወንድም ቢሆን መጽሐፉን ገልጦ አይሰጡትም። ነገር ግን በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ መለያ ቁጥሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832 ነው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይዞታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቅርጽና ጌጥ ፈልጉበት እንጂ ቀለም አትፈልጉበት። ባለቀለም ፎቶ ለሚሻ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው መዝገበ ሥዕላት የተባለው የኢንተርኔት ክምችት የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ጨምሮ ብዙ ነገር አለው።

የላሊበላው ቤተ ማርያም ግድግዳና ጣሪያም ሥዕል አለው፣ ከምዕራቡ በር በላይም ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ደግሞ ቅዱሳን በቁመታቸው ከዓለቱ ተፈልፍለው ቆመዋል። ለፈረስ ዕቃና ለልብስ ርዝመት ይጠቅማሉ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

የላስታን የ13ኛ ክፍለ ዘመን ሥዕል ይዞ «የወሎ ልብስ» ብሎ መጥራት ግን አይሆንም። ቤተ አማራ ይባል የነበረው አገር ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ሕዝቡም ስሙም ብዙ ተለውጧል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1853 አይሻል ላይ እስከተሸነፉ ድረስ ጎንደርን በእንደራሴነት የገዙት የየጁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የዚያን ዘመን የየጁ መኳንንት አለባበስ የምትፈልጉት ወልድያ ሳይሆን ጎንደርና ደብረ ታቦር አካባቢ ባሉ ሥዕሎች ነው።

የእስላሙን ወገን ልብስ በተመለከተ የሥዕል መንገድ ዝግ ነው። ጀማ ንጉሥና ሌሎቹ የወሎ የእስልምና ዕውቀት ማዕከላት መጽሐፍ ሞልቷቸዋል፣ የሰው ምስል ግን አይሥሉም። ሥዕል የለም ማለት ልብስ የለም ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፣ ሆኖም የሠርግና የክሊፕ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ሳያውቁት የወሎን ግማሽ አካል ይዘሉታል። እዚህ ላይ ምስክሩ የመንገደኞች ንድፍ፣ የቆየ ፎቶግራፍና በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የአያት ልብስ ነው። የንጉሥ ሚካኤልን ፎቶ ለዚህ የሚያመጡ አሉ፤ ፎቶው ግን ከእስልምና ወጥተው በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ከተጠመቁ በኋላ ያለ ነው፣ በ1914 ደሴ ላይ ሲነግሡ የለበሱትም የቤተ መንግሥት ወግ ነው። ከንጉሡ ፎቶ የገበሬውን ሽርጥ ማንበብ አይቻልም።

የዐድዋ ሥዕሎችን አንድ ቃል ብቻ፦ በስተግራ እኛ ሙሉ ፊት፣ በስተቀኝ ጣሊያን በአንድ ዓይን፣ ከላይ ጊዮርጊስ። አብዛኞቹ ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ የተሣሉ፣ አንዱ ከሌላው የተቀዱ ናቸው። ራስ ሚካኤልና የወሎ ፈረሰኛ ለምድና ጎፈር ለብሰው ሲታዩ ማዕረጉን እመኑ፣ የ1896ቱን ልብስ ግን በሥዕሉ አትማሉ።

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ

አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ ቀጥሎ ቄሰ ገበዙን ወይም ዕቃ ቤት ጠባቂውን። አሳላፊ ሰው ይዞ መሄድ ከደብዳቤ ይሻላል፣ ሁለቱም ቢኖሩ ደግሞ እሰየው። ፍላሽ አይበራም። ሥዕሉ ደምቆ እንዲታይ ብሎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የተለመደ ክፋት ነው፤ የቀለሙ ማጣበቂያ በውኃ ይለቃል፣ የተጠረገው ቦታ መጀመሪያ ይፈካና በዓመቱ ይፈረፈራል። በእጅም አትንኩት። በድሮ ሥዕልና ብራና ላይ ያለው ደማቅ ቢጫ አርሴኒክ ያለበት ማዕድን ሊሆን ይችላል።

ፎቶው አራት ዓይነት ይሁን። ሙሉውን ሥዕል ፊት ለፊት፤ ሰውዬውን ብቻውን፤ ከአጠገቡ የሳንቲ ሜትር ማስመሪያና ነጭ ወረቀት አስይዛችሁ (ነጩ ወረቀት በኋላ የሻማና የዕጣን ጢስ ያመጣውን ቢጫነት ለማረም ነው)፤ በመጨረሻም የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብርሃኑ በሥዕሉ ፊት ላይ እንዲንሸራተት በማድረግ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሦስቱ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ከጎን በሚመጣ ብርሃን በኋላ የተቀባ ቀለም እንደ ጉብታ ይነሣል። የጥንት ሥዕል በዘይት ቀለም ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ልብሱ ነው፤ ፊቱን ይፈሩታል፣ ልብሱን በአንድ ቀለም ይደፍኑታል።

አሁን ወደ ተደፋው ሰውዬ እንምጣ። ግንባሩ መሬት ሊነካ ነው፣ እጆቹ ወደ እመቤታችን ተዘርግተዋል። ደረቱና አንገትጌው አይታይም፤ ስለዚህ የአንገቱን ቅርጽ ከእሱ አትገምቱ፣ ቆሞ የተሣለ ሎሌ ፈልጉለት። ከእሱ የሚገኘው ጀርባ፣ እጅጌ፣ ዘርፍ (የልብሱ የታች ጠርዝ) እና እግር ነው። ክንዱ ላይ ከክርን እስከ አንጓ አግድም መስመሮች ከተደረደሩ ጌጥ አይደሉም፤ እጅጌው ከክንዱ ረዝሞ ወደ ላይ ተሰብስቧል ማለት ነው። ያን ለማምጣት በክንዱ ርዝመት ላይ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ጨምሩ፣ አንጓው ላይ ደግሞ እጅ በግድ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አጥብቡት፤ ሰፊ ከሆነ ይንሸራተትና እጥፋቱ ይጠፋል። ጌጡን እዩት፦ አበባው በእጥፋቱ ሳይሰበር ልብሱን በሙሉ ከሞላ ከውጭ የመጣ ሐር ወይም ኅትመት ጨርቅ ለማለት ነው። ዳርና አንገት ላይ ብቻ ከሆነ ጥለት ወይም ጥልፍ ነው። እግሩ ባዶ ነው። ባዶ ይሁን፤ መኳንንትም በሥዕሉ ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ጫማ አትጨምሩላቸው።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ጤነኛ ጎልማሳ ሰው ቁመቱ የራሱ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው፤ በእኛ ሥዕል ግን ራስና ዓይን ይተልቃሉ፣ ሰውዬው አራት ወይም አምስት ራስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ራሱን መለኪያ ካደረጋችሁ ቀሚሱ አጥሮ ይወጣል። እጁም አይሆንም፣ እሱም ትልቅ ነው። መለኪያው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን። ለምሳሌ በፎቶው ላይ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 96 ሚ.ሜ፣ ከትከሻ እስከ ዘርፉ 72 ሚ.ሜ ቢሆን ልብሱ የቁመቱን 0.75 ይዟል። የሚለብሰው ሰው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 132 ሳ.ሜ ከሆነ 132 ሲባዛ በ0.75፣ 99 ሳ.ሜ ይሆናል። ይህ ለቆመ ሰው ነው። ለተደፋው አይሠራም፣ ጀርባው ታጥፏልና።

ቀለም

ሠዓሊው የነበሩት ቀለማት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱን ቀይ ሌላውን አረንጓዴ ያደረጋቸው እንዳይደባለቁበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አረንጓዴ ለብሷል» ከማለታችሁ በፊት ያው ሠዓሊ በሌላ ገጽ ያን ሰው ምን እንዳለበሰው እዩ። በሦስት ሥዕል ሦስት ቀለም ከለበሰ ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም። ነጭ ልብስ ላይ ቀይ መስመር ግን በየገጹ ከተደጋገመ ያን ያዙ፤ ጃኖ ነው፣ ማዕረግ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። በድሮ ብራና ላይ አረንጓዴው አንዳንዴ ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊና ያ አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ተደባልቀው የተሠሩ ናቸው። ቢጫው ብርሃን ሲመታው ይሳሳል፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሁልጊዜ ተገልጦ በሚታየው ገጽ ላይ ያለውን «ሰማያዊ» ተከድኖ ከኖረው ገጽ ጋር አስተያዩ። አንዳንድ መጽሐፍ ሥዕሉ ላይ ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ የተሰፋበት አለ፤ ከመጋረጃው ሥር ያለው ቀለም ይበልጥ ይታመናል። መጋረጃውንም ራሱን ፎቶ አንሡት፣ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እላለሁ።

ጨርቁ ከሥዕሉ በታች ነው

ሥዕል ርዝመትን፣ አለባበስን፣ ማዕረግን ይናገራል። ስለ ፈትሉ ውፍረት፣ ስለ ድሩና ማጉ ዝም ይላል። ሰዎች እዚህ ሲደርሱ መርካቶ ገብተው «የሚመስለውን» ይገዛሉ፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ።

ከጎንደር ዘመን ወዲህ ያለው የግድግዳ ሥዕል አብዛኛው በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልተሣለም፤ በጥጥ ሸማ ላይ ተሥሎ ነው የተለጠፈው። ማለትም ሥዕሉ ራሱ የዘመኑ ጨርቅ ነው! ጥጉ ተልጦ በተንጠለጠለበት ቦታ ሳትነኩት በስልካችሁ ቀርባችሁ አንሡና በ1 ሳ.ሜ ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ቁጠሩ። አምስት ቦታ ቁጠሩና አማካዩን ያዙ፤ የእጅ ፈትል ቦታ ቦታው ስለሚወፍርና ስለሚቀጥን የአንድ ቦታ ቁጥር ያሳስታል። ሁለት ሸማ የተጋጠመበት ስፌት ከታየም ከስፌት እስከ ስፌት ለኩ፤ የዚያን ዘመን ሸማኔ ዕቃ ስንት ስፋት ያወጣ እንደነበር በእጃችሁ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው የመጽሐፍ ገበታ ነው። በቆዳ በተለበጠ መጽሐፍ የገበታው ውስጠኛ ፊት መካከሉ ክፍት ሆኖ ቁራጭ ጨርቅ ይገባበታል፤ ሐር፣ የህንድ ኅትመት፣ የፈረንጅ ጨርቅ፣ ባለጸጋው ያገኘውን። ያ የሥዕሉ ባለ አበባ ቀሚስ ከምን እንደተሰፋ ለማወቅ ከዚህ የሚቀርብ ነገር የለም። የሥዕል መጋረጃውም እንዲሁ። አንድ ብቻ ልብ በሉ፤ መጽሐፍ ዳግም ሲደጎስ ጨርቁም ይቀየራል፣ ስለዚህ የገበታው ስፌት አዲስ ከሆነ ጨርቁን ለሥዕሉ ዘመን ምስክር አታድርጉት።

ሦስተኛው በውጭ አገር ነው። እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ ከወሰዱት ዕቃ መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የወይዘሮ ጥሩወርቅ ውቤ (ጥሩነሽም ይሏታል) በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። መቅደላ ወሎ ነው፤ ቀሚሱ ግን የወሎ አይደለም፣ ሴትየዋ የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። የሚጠቅመን ሌላ ነው፤ ሠዓሊ በሦስት መስመር ያለፈው ጥልፍ በእውነተኛ ክር ሲሆን ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሚል ያሳያል። ሠዓሊን ተከትሎ ሳሳ አድርጎ የሚጠልፍ ሰው ይህን አይቶ ክሩን ይጨምር።

ለጥለቱ ደግሞ ይህን ዕወቁ፦ በድሮ ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ክር የሚገኘው በዋናነት ከህንድ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ነበር። ውድ ነው፤ ስለዚህ ጥለቱ ጠባብ፣ ቀለሙም አንድ ወይም ሁለት ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ጣት የሆነውን መስመር ክንድ ሙሉ በሚያብረቀርቅ ክር የሚያሠራ ሰው የዘንድሮን ፋሽን ነው ያሠራው።

ያልነጣ፣ የጠቆረ፣ እጥፋት የሌለው ከባድ ልብስ እረኛ ወይም ደገኛ ላይ ካያችሁ ጥጥ ነው ብላችሁ አትድረቁ። የወሎ ደጋ የበግ አገር ነው፤ ባና ወይም በርኖስ ሊሆን ይችላል። ጸጉሩ በጭረት በጭረት ከተሣለ ደግሞ ደበሎ ነው።

አለባበሱ

አንድ ሸማ በስንት ዓይነት እንደሚለበስ ለአማርኛ አንባቢ አልነግርም፤ በሥዕል ውስጥ ግን እናስታውሰው። ወገቡ ላይ አሸንፍጦ የታጠቀ ሰው አደግድጓል፣ ከፊቱ ጌታ አለ። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ሥር ከሆነ ዘቅዝቃለች፣ ሐዘን ላይ ናት፤ ይህን ከስቅለት ሥዕል ቀድቶ ለሙሽራ ማልበስ የከፋ ስሕተት ነው፣ ሆኖም ይሠራል። መስቀለኛ ከተጣፋ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸጉርንም አብራችሁ አንብቡ፤ መሐል ራሷ የተላጨች ልጅ ሳዱላ ናት፣ ያገባች ሴት ልብስ አታልብሷት።

ጌጥ ላይ የማርትሬዛ ብር አያሳስታችሁ። ብሩ ላይ ያለው 1780 የተመታበት ዓመት አይደለም፤ ያው ቁጥር ሳይለወጥ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ «ቁጥሩን እዩ፣ የ1780 ነው» የሚል ነጋዴ አይዋሽም፣ ቁጥሩ ግን ድሪው (የአንገት ጌጡ) መቼ እንደተሠራ አይናገርም።

ወደ ሸማኔው

የእጅ ሸማ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 90 ሳ.ሜ ነው፤ የድሮ ልብስ የተቆረጠው ይህን ስፋት ላለማባከን ነው። ሥዕሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጥ ያለ መስመር ብዙ ጊዜ እጥፋት ሳይሆን ሁለት ሸማ የተጋጠመበት ነው። በ80 ሳ.ሜ ስፋት አንድ ቀሚስ እናስላ። የስፌትና የዘርፍ ትርፍ ገብቶበት ርዝመቱ 130 ሳ.ሜ ይሁን፤ ፊትና ኋላ ሳይቆረጥ በትከሻ ላይ ሲታጠፍ 260። ሁለት እጅጌ እያንዳንዱ 60 በ40፣ ጎን ለጎን ከአንድ 60 ሳ.ሜ ይወጣሉ። ወደ ታች እንዲሰፋ በጎንና በጎን የሚገቡት አራት ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ከ100 ሳ.ሜ ይወጣሉ፤ 100 በ80 የሆነውን በርዝመቱ ለሁለት ከፍላችሁ እያንዳንዱን በሰያፍ ቁረጡት። ድምሩ 420 ሳ.ሜ ነው። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ 10 በመቶ ያዙለት፤ 470 ሳ.ሜ እዘዙ። በክንድ አትዋዋሉ። የሸማኔው ክንድና የናንተ ክንድ አንድ አይደለም፣ ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው።

ሸማኔውን «ድሩም ማጉም ፈትል ይሁን» በሉት። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ብቻ ፈትል የሆነ ሸማ ብዙ ነው፤ ለነጠላ ያምራል፣ እጥፋቱ ግን የሥዕሉን አይመስልም፣ ይንሸራተታል። የፈትል ድር ሲሠራ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ዋጋውም ቀኑም ይጨምራል። ከቆጠራችሁት ድርና ማግ ጋር ለማስተያየት መጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል አሠሩና እጠቡት፤ ከታጠበ በኋላ ቁጠሩ እንጂ ከዕቃው ላይ እንደወረደ አትቁጠሩ።

ሸማው እስኪደርስ በአቡጀዲ ሞክሩ። አቡጀዲውን መጀመሪያ በ80 ሳ.ሜ ስፋት ቅደዱት፤ በሙሉ ስፋቱ ከቆረጣችሁት መጋጠሚያው ሌላ ቦታ ይወድቃል። የደረሰውን ሸማ ነክራችሁ፣ አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ ነው የምትቆርጡት። ሳይታጠብ የተሰፋ ልብስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ እጅጌው ወደ ክርን ይወጣል፣ ስፌቱም ይኮማተራል።

ሲያልቅ ልብሱን ለሰው አልብሱና በሥዕሉ እንዳለው አቁሙት፤ ካሜራውን በወገቡ ልክ አድርጋችሁ አንሡና ከሥዕሉ ጎን አድርጉት። ዘርፉ የት ላይ ወደቀ? እጅጌው ላይ ስንት እጥፋት አለ? ሸማው ወገቡ ላይ ከሥዕሉ ይልቅ ከተነፋ ፈትሉ ወፍሯል ወይም ሁለት ድርብ የሚበቃውን እንደ ጋቢ አራት አድርጋችሁታል። ትከሻ ላይ ብቻ ካልገጠመ ግን መቀስ አታንሡ፤ ጨርቁ ልክ ነው፣ ፈትታችሁ እንደገና አጣፉት።